የሬዲዮው ድንጋይ

ገና የወተት ጥርሴን ያልጨረስኩ ልጅ ሳለሁ፣ ቢቸና በነበረው ቤታችን ምሽቱ የእትዬ የሺ ነበር። እትዬ የሺ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እራት ተበልቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ኩራዙም ጥላችንን ግድግዳው ላይ ሲያወዛውዝ፣ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብስበው ተረት ይጀምራሉ፤ እኛም ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ዝም ብለን እናዳምጣለን። አባቴ ሬዲዮ ሲገዛ ግን ያን ምሽት ተቀማን።

ያኔ ሬዲዮ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም አባቴ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ በጥርሱም ነከስ ነከስ ያደርገዋል፤ ጨርሶ ሲሞት ወደ ጓሮ ይወረውረዋል። እኛ ልጆች ደግሞ እየለቀምን ትምህርት ቤት እንወስደው ነበር፤ በውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ከቅጠል ጋር ተወቅጦ ሰሌዳ ይቀባበታልና።

አንድ ቀን፣ ገና የምትድህ ታናሽ እህቴ ፈሳሽ ያወጣ ድንጋይ ከጓሮ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። እናቴ ለቅሶዋን ሰምታ ስትደርስ ከንፈሯ ቆስሎ ነበር። ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሮጡ። ተረፈች፤ ግን ስንት ቀን ሙሉ ጡት መጥባት እያቃታት ስታለቅስ ሰነበተች።

በዚያው ሰሞን፣ አባቴ ሬዲዮውን ሊከፍት ሲል እትዬ የሺ እጃቸውን ጫኑበት።

«ወንድምዓለም፣ ሬዲዮህን አልጠላሁትም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ግን በልቶ የሚጥለውን ድንጋይ የሚያነሳው ማነው?»

አባቴ ዜና ሳይሰማ ማደር እንደማይችል ተከራከረ። እሳቸው እጃቸውን ሳያነሱ ተረት ጀመሩ። ወሬ አዋቂ እንግዳ አንድ ሰው ቤት ገባ፤ የጋጠውን አጥንት ሁሉ ደጃፍ ላይ ይጥላል። ባለቤቱ ወሬው ጣፍጦት ዝም አለ። አጥንቱ ተከምሮ ተከምሮ አንድ ጠዋት በሩ አልከፈት አለ፤ ወሬውም ባለወሬውም እዚያው ታፍነው ቀሩ። አባቴ ሬዲዮውን ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ ወዲህ ለዜና ብቻ ይከፍተው ጀመር፤ ቤታችን መብራት ሲገባ ደግሞ ድንጋዩ ጨርሶ ቀረ።

እምቢ የማለት ተራዬ የመጣው መምህራችን እንደ ልማዱ ድንጋይ አምጡ ሲለን ነው። እትዬ የሺ «ባዶ እጅሽን ሂጂ» አሉኝ። ሄድኩ። መምህሩ ከክፍሉ ፊት አቁሞ ምክንያቴን ጠየቀኝ።

«የእህቴን ከንፈር ያቆሰለውን አልወቅጥም» አልኩት።

ተንበርከኪ አለኝ፤ ተንበረከክሁ፤ አላለቀስኩም። በሌላ ጊዜ ሲያዝዝ ግን ሌሎች ልጆችም ባዶ እጃቸውን መጡ። መምህሩ እያጉረመረመ ከሰል አስመጣ፤ ሰሌዳውም ጠቆረ።

ዛሬ ሞጣ ውስጥ እኔው ራሴ መምህርት ነኝ። ከእትዬ የሺ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ የቀረኝ እምቢ ማለት ጩኸት እንደማያስፈልገው ነው። ቤቴ ውስጥ ተጠቅመው የሚጥሉት ድንጋይ አይገባም፤ የእጅ ባትሪዬ ቻርጅ የሚደረግ ነው። ስልኬ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው የተቀየረ ነው፤ አዲስ መግዛት አቅቷት ነው ይሉኛል። ይበሉ። ጎረቤት የሞተ የሶላር መብራት ወይም የተበላሸ ቻርጀር ወንዝ ውስጥ ሊጥል ሲል እቀበለዋለሁ፤ የሚጠገነውን ለጠጋኝ እሰጣለሁ፣ የማይጠገነውን ደረቅ ቦታ አስቀምጣለሁ።

በቀደም አከራዬ ክምሩን አይተው፣ «ኧረ መምህርት፣ ይህን ሁሉ የት ልትወስጂው ነው?» አሉኝ።

«የት እንደምወስደው ገና አላወቅሁም» አልኳቸው። «አለማወቄ ግን ወንዝ ውስጥ እንድጥለው አይፈቅድልኝም።»