ጣሪያ ያጣንበት እሑድ

ዛሬ ጠዋት ለቅዳሴ ስንደርስ ቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ የለውም።

የመቅደሱ አልተነካም። የተነሣው እኛ ምእመናን ከምንቆምበት በላይ ያለው ነው። የሱዳኗ ገዳሪፍ ፀሐይ እያቃጠለን አስቀደስን።

ሌባ መስሎን ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ የእድሳት ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ሙላው ተነሥቶ «ትናንት ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አብደሃል እንዴ ሰውዬ? ኸሪፍ ሊገባ ነው፤ ዝናቡን በምን ልታስጥለን ነው?» አለው አንድ የሰሊጥ ነጋዴ።

«የዛገው ጣሪያ እያለ ስለምናችሁ ‹ኢንሻአላህ፣ ከመኸር በኋላ› ትሉኛላችሁ። ስንት መኸር አለፈ? እስቲ አሁን ሰማዩ ይለምናችሁ።»

እኔም ባለቤቴ ሳይሞት ለዚሁ ጣሪያ የተሳለውን ቆርቆሮ እስከ ዛሬ አላስገባሁም፤ በየመኸሩ ምክንያት አላጣሁም።

ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢነቱን እንዲለቅ ልንነግረው ተሰብስበን ቤቱ ሄድን። እሱ አልነበረም። ሚስቱ ጥሩወርቅ አልጋዋን ከዛፍ ሥር አውጥታ ተቀምጣለች። ቤቱ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ትናንት መጀመሪያ ያወረደው የእኛን ነው» አለችን። «የመጀመሪያው መዋጮ ይሁን ብሎ ቆርቆሮውን በጋሪ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። ካገኛችሁት ኸሪፉ ለእኛም እንደሚመጣ ንገሩልኝ።»

ልቀቅ የሚል ሰው ጠፋ። ነጋዴው እዚያው ቆሞ ቆርቆሮ ለሚሸጥ ወዳጁ ደወለ። እኔም የባለቤቴን ስለት እንዳዝ ስልኩን ቀጥሎ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት።

በእናንተ አጥቢያ እንዲህ ያለ ሰብሳቢ ገጥሟችሁ ያውቃል? እናንተስ ስንት ጊዜ አስለመናችሁት?