ጎልፍ በገደል አፋፍ

ባለቤቴ ማሪዬታ በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ ውስጥ ባለ የጎልፍ ሜዳ ሳር ያጭድ ነበር። ማጨድ ስል በማጭድ አይደለም፤ እንደ ትንሽ ትራክተር ያለ ማሽን ላይ ተቀምጦ ነው። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። እኔ በስደት ከኖርኩበት ከሱዳን መጥቼ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አጋብተውን፣ ገና ዓመት አልሞላንም። የምንኖረው እዚያው አቅራቢያ ስኮትዴል፣ አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርትመንት ነበር። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛዬ "የስ" እና "ኖ" ነበር፤ እነሱንም ከመናገሬ በፊት ላብ ያጠምቀኛል። መኪና መንዳት አልችልም፣ ብቻዬን አውቶቡስ አልሳፈርም፣ ስልክ ሲጮህ ወደ መታጠቢያ ቤት እሸሻለሁ። እሁድ እሁድ ሰላም ከሚሉኝ ምእመናን በቀር በዚያ አገር የማውቀው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ፍርሃቴ ሁሉ መጨረሻው አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱ አንድ ነገር ቢሆን እኔን ምን ይውጠኛል? ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ሲወጣ ይጀምረኛል፤ ማታ ቁልፉ በሩ ላይ ሲንቀጫቀጭ ይለቀኛል።

እሱ አዲስ አበባ ያደገ ነው፤ ጨዋታ ይወዳል። እኔ ግን የገጠር ልጅ ነኝ። በእኛ መንደር ሴት የባሏን ስም አትጠራም። እናቴ አባቴን "አንቱ" ነበር የምትለው፤ ስለ እሱ ስታወራ "እሳቸው" ትላለች እንጂ ስሙ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ስሙ ከአባቴ ስም ጋር አንድ የሆነ ጎረቤት ነበረን፤ እሱን እንኳ በልጁ "የእገሊት አባት" እያለች ነው የኖረችው። "የባሏን ስም የምትጠራ ሴት ባሏን ለክፉ ነገር ታሳየዋለች" ትለን ነበር። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። አሁን ስጽፍ "አለ፣ ሄደ" እላለሁ፤ ያኔ ግን "ይብሉ፣ ይቀመጡ" እንጂ "ብላ፣ ተቀመጥ" ብዬው አላውቅም።

"አንቱ ማን ናቸው? የት አሉ ሽማግሌው?" ይላል ዞር ብሎ ኋላውን እያየ።

"አንቱን ነው እንጂ።"

"ኧረ ሠላሳ ዓመቴ ነው! አንድ ጥርስ እንኳ አልወለቀልኝም። ስም አለኝ እኮ፣ በስሜ ጥሪኝ።"

"አይሆንልኝም።"

"እሺ ቤት ቢቃጠልስ? ምን ብለሽ ልትጠሪኝ ነው?"

"እሳት ነው፣ ይውጡ እላለሁ።"

ይህን ለጓደኞቹ ሲያወራ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ሜዳው ሰኞ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ሠራተኞቹ እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸው ነበር። ባለቤቴም እዚያው ለመደ፤ አሮጌ የጎልፍ ዱላዎችም አገኘ። አንዳንድ ሰኞ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። ቦርሳውን ተሸክሜ እከተለዋለሁ። መጀመሪያ ያስተማረኝ ሕግ ሰው ኳስ ሊመታ ሲዘጋጅ ማንም አይናገርም፣ ማንም አይንቀሳቀስም የሚለውን ነው። ለእኔ ደግሞ ከዝምታ የቀለለ ነገር አልነበረም።

"የዚህ ጨዋታ ሊቅ አንቺ ነሽ" አለኝ። "ዱላውን ባትነኪውም።"

የሳሩ ሥራ ኃላፊ፣ የባለቤቴ አለቃ፣ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ወደ ተወለደበት የባሕር ዳር ከተማ ለመመለስ አሰበና ባለቤቴን ዕቃውን በትራክ እንዲያደርስለት ለመነው። በሰሜን በኩል ሩቅ አገር ነው። "እዚያ ገደል አናት ላይ የተሠራ የጎልፍ ሜዳ አለ፤ አብረን እንጫወታለን" አለው። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ ልጅ ሆኖ ነበር። እኔ የሰማሁት "ገደል" የሚለውን ብቻ ነው። ግን ስኮትዴል ብቻዬን ከምቀር ገደሉ ይሻለኛል ብዬ አብሬው ሄድኩ።

መንገዱን ሁሉ የበሩን እጀታ እንደጨበጥኩ ነበር። ትልልቅ መኪናዎች ባጠገባችን ባለፉ ቁጥር እግሬ ወለሉን ይጫናል።

"ፍሬኑ እኔ ጋ ነው" ይለኛል። "አንቺ ጸሎቱን ያዥ።"

ጸሎቱንም ይዤ ነበር።

ባሕሩን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ሽማግሌው ሰውዬ ዕቃው በተራገፈ ማግስት ጠዋት ወደ ሜዳው ወሰደን። ከመኪናው ስንወርድ አንድ ነገር ከመሬት በታች እየተነፈሰ ይመስለኝ ነበር፤ ውሃው ከታች ድንጋዩን ሲመታ ነው። ሳሩ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፤ ምንጣፉ ግን በአንድ በኩል ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ሰማይና ውሃ ብቻ ነው። ባለቤቴ "ወይ ማማር! ወይ ማማር!" ይላል። ቆንጆ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ከመኪናው በር አልራቅሁም።

ገደልስ አውቃለሁ። የተወለድኩበት መንደር ገደል አናት ላይ ነው። በክረምት ሳሩ ከአፈሩ አልፎ ይበቅልና ወደ ውጭ ይንጠለጠላል፤ ለሚያየው ግን መሬት ይመስላል። አንዲት ላማችን እንደዚያ ያለ ሳር ስትግጥ ነው ገደል የገባችው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ጉም ሲወርድ ወደ አፋፉ የሚጠጋ ሰው የለም። እዚህ ግን እኛ የምንሸሸውን ቦታ አጭደው፣ አስተካክለው፣ ባንዲራ ተክለው ይጫወቱበታል።

መጀመሪያ ላይ ሽማግሌው ለእኔ አንድ ኳስ አስቀመጠልኝ። እምቢ ብል ባለቤቴ አሳፈረችኝ እንዳይል ዱላውን ተቀበልኩ። እንጨት እንደምፈልጥ አድርጌ መታሁት። ኳሱ ወደ ባንዲራው ሳይሆን ወደ ጎን በረረና ከአፋፉ አልፎ ወደ ታች ሄደ።

"ዓሣ ገደልሽ!" አለ ባለቤቴ። ሽማግሌው አጨበጨበ። እኔ ግን የሚወድቅበትን ድምፅ እየጠበቅሁ ነበር። አልሰማሁም። ዱላውን መለስኩና ከዚያ በኋላ ቦርሳውን ብቻ ያዝኩ።

እነሱ እየተጫወቱ ሲሄዱ ከባሕሩ ጉም ተነሣ። እንደ እኛ አገር ጉም ከላይ የሚወርድ አይደለም፤ ከታች በገደሉ እየተሳበ ወጥቶ ሳሩ ላይ ተኛ። ከብርዱ የተነሣ ሽማግሌው ካፖርቱን ለማምጣት ከኋላ ወዳቆመው የጎልፍ ጋሪ ተመለሰ። የደረስንበት፣ ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ከሁሉም ይልቅ ለአፋፉ የቀረበው ነበር። በዳሩ ገመድ ተዘርግቷል፤ እኛ በቆምንበት በኩል ግን አንዱ ችካል ወድቆ ገመዱ ሳር ውስጥ ተቀብሯል። የባለቤቴ ኳስ ከባንዲራው ጥቂት ራቅ ብላ ቆማለች።

"ይህቺን ካገባኋት ሽማግሌውን አሸነፍኩት" አለኝ በሹክሹክታ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንድል አሳየኝ።

የመሬቱን ማዘንበል ለማየት ቁጢጥ አለ። ዓይኑን ከኳሷ ሳይነቅል ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። እንደገና ቁጢጥ አለ። እንደገና ወደ ኋላ። ተረከዙ ያለበትን አየሁ። እሱ የቆመበት ሳር አጭር ነው፤ ከኋላው ያለው ረጅም ነው። ያ ረጅሙ ሳር ከሥር በሚመጣ ነፋስ ወደ ላይ ይርገበገብ ነበር። ከሥሩ ነፋስ የሚወጣበት ሳር ደግሞ አፈር የለውም።

"አንቱ!" አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆነ። እጁን አንሥቶ ቆይ አለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

"አንቱ፣ ኧረ ይቁሙ! ይቁሙ!"

አሁን ሰማኝ። ግን የሰማው "አንቱ" የሚለውን ነው፤ የማላግጥ መሰለው። ፈገግ አለ። "እሺ፣ ሽማግሌው መጡ" አለና ወገቡን አጎበጠ፤ ዱላውን እንደ ምርኩዝ ያዘ፤ እግሩ የከዳው ሰው እየመሰለ፣ እየተንገዳገደ፣ ወደ ኋላ ሄደ። ሊያስቀኝ ነው። እኔን ለማሳቅ ወደ ገደሉ እየሄደ ነው።

ልሮጥ ብል እግሬ አልነሣ አለኝ። የእናቴ ቃል በጆሮዬ መጣ። ብጠራው ለክፉ አሳየዋለሁ፤ ክፉው ግን ከኋላው ቆሟል።

ስሙን ጠራሁት። ስሙን ብቻም አይደለም፤ ከነአባቱ፣ ሐኪም ቤት ተራ የሚጠራ ሰው እንደሚጠራው፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

ባለበት ደርቆ ቆመ። የቆመው ገደሉን አይቶ አይደለም፤ ከመገረሙ የተነሣ ነው። አፉ ተከፈተ። "ምን አልሽ?" እያለ ቀና ለማለት በዱላው ወደ ኋላ ተደገፈ፤ ዱላው ሳሩን በስቶ እስከ እጁ ድረስ ሰመጠ። ከሥሩ የሚነካው ምንም አልነበረም። ያኔ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ወደ ኋላ አይዩ" አልኩት። "እኔን ይዩ። ዱላውን ይተዉትና ወደ እኔ ይምጡ።"

ዱላውን ለቀቀው። ሳሩ ውጦ አስቀረው። ባለቤቴ ሕፃን እንደሚድህ በእጁና በጉልበቱ ወደ እኔ መጣ። ሲደርስ ሸሚዙን በሁለት እጄ ጨበጥኩት፤ ልለቀው አልቻልኩም። ሁለታችንም ሳሩ ላይ ተቀመጥን።

ሽማግሌው ካፖርቱን ለብሶ ሲመለስ እንደዚያ ሆነን አገኘን። ጩኸቴን ሰምቶ ነበርና ምን ሆናችሁ አለ። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ መለሰለት። "ስሜን ጠራችኝ" እንዳለው በኋላ ነገረኝ። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቀ፤ "የእኔም ሚስት ስሜን በሙሉ ስትጠራ እቆማለሁ" አለ። ከዚያ የተቀበረውን ገመድ አየ፤ ሳሩ ላይ የቀረውን ቀዳዳ አየ። ሳቁ ጠፋ። ኮፍያውን አወለቀ።

እንመለስ ማለት ፈልጌ ነበር። ሽማግሌውም ይበቃናል አለ። ባለቤቴ ግን ተነሣ።

"ግማሹን ተጫውቼ ማሪዬታ ስመለስ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ምን ልላቸው ነው?"

ከቦርሳው ሌላ ዱላ አውጥቶ ያቺን ኳስ መታት፤ ሳተ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይራገም ነበር። አሁን ግን ኳሷን በጫማው ገፋትና ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሄድን። ጉሙ አልጠፋም፤ ባሕሩ ከሥራችን መተንፈሱን አላቆመም። እኔም ከዚያ በኋላ በቀሩት ጉድጓዶች ሁሉ በባሕሩ በኩል ሄድኩ፤ እሱን በውስጥ በኩል አድርጌ። ደፍሬ አይደለም። ግን እሱን በዚያ በኩል ማየት ከዚያ ይብስብኝ ነበር።

ትንሽ እንደሄድን ልብ አለው።

"አንቺ በዚያ በኩል ምን ትሠሪያለሽ? ብትወድቂስ?"

"አንቱ ይጠሩኛላ" አልኩት። "የእኔን ስም መጥራት ማን ከለከለዎት?"

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ቦርሳውን ከትከሻዬ አውርዶ ራሱ አንጠለጠለውና እጄን ያዘኝ። ሰው ፊት እጄን ሲይዘኝ የመጀመሪያው ነው፤ አፈርኩ፣ ግን አልነጠቅሁትም። የሚለቀኝ ኳስ ሊመታ ሲቆም ብቻ ነበር። በለቀቀኝ ቁጥር እንደ ሕጉ ዝም ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እሱ ኳሷን ያያል፣ እኔ ተረከዙን።