ለእሱ ጀርባ የሠራሁት ቦርሳ

ከሠራዊት በወጣን በዓመቱ እኔና እጮኛዬ ሽቪሉን አብረን ልንሄድ ተስማማን። በዕብራይስጥ ሽቪል የምንለው አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጠውን የእግር መንገድ ነው። እሱ ጀርባው ረጅም ስለሆነ የሱቅ ቦርሳ አይመቸውም፤ ሸክሙ ሁሉ ትከሻው ላይ ይቀራል። እኔ ደግሞ የበረንዳ ጥላ ሸራ የሚሰፋበት ቤት እሠራ ነበር።

«እኔ እሠራልሃለሁ» አልኩት።

ከተነቀለ አሮጌ ጥላ ቀጭን የአሉሚኒየም ቧንቧ አገኘሁ። ቧንቧ ባዶውን ሲያጎብጡት ይጨራመታል። ስለዚህ ከባሕሩ ዳር ደረቅ አሸዋ አምጥቼ ጠቀጠቅሁበት፤ ጫፎቹን ወትፌ በጋዝ ሲሊንደር ዙሪያ ቀስ እያልኩ አጎበጥኩት። መጋጠሚያዎቹን በናይለን ገመድ ጠፍሬ አሰርኩ። ለጀርባው አየር የሚያሳልፍ መረብ ወጠርኩ፤ ለወገቡ ሰፊ ቀበቶ ሰፋሁ። ልክ የወሰድኩት አልጋዬ ላይ በደረቱ አስተኝቼ ነው፤ ከአንገቱ ሥር ካለችው አጥንት እስከ ዳሌው። «ኮረኮርሽኝ» እያለ ይስቅ ነበር። ቦርሳው ሲያልቅ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ ግንባሬን ሳመኝ።

እናቴ ከሳሎን ሆና «መሸከም ናፍቋችሁ ነው? እኛ ጓዛችንን ተሸክመን በእግር መጥተን ስንገላገለው እልል ያልነውን!» አለች።

ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን እጮኛዬ ሺምሾን ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ መጣ። በሩን ስከፍት ብቻውን አልነበረም። ከኋላው አንዲት የባርኔአ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ልጅ ቆማለች። እናቴ የእኔ ጓደኛ መስላት «ግቢ የኔ ልጅ» ብላ ጭማቂ ቀዳችላት።

እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እሷ በማትሰማው በአማርኛ «ሽቪሉን ከእሷ ጋር ነው የምሄደው» አለኝ። «ቦርሳው ቀላል ስለሆነ እሷ ትያዘው ብለናል። ጀርባዋ አጭር ነው፤ አስተካክይላት።»

«እኔስ?»

«አንቺ ሥራ አለብሽ አይደል?»

ልጅቷ ከስልኳ ቀና ብላ «ቶፌሬቷ መቼ ታደርሰዋለች?» ብላ በዕብራይስጥ ጠየቀችው። ልብስ ሰፊዋ ማለቷ ነው። ስሜን እንኳ አልነገራትም።

ሜትሬን አመጣሁ። «ዙሪ» አልኳት። ፀጉሯን በራሷ እጅ ወደ ላይ ሰበሰበችልኝ። አንገቷ ሥር ጣቴን አስቀምጬ ሜትሩን ወደ ታች ስስብ እሱ ልኩን ሊያይ ተጠጋ። ያኔ ነው በዕብራይስጥ የተናገርኩት፦

«የእሱን የለካሁት አልጋዬ ላይ አስተኝቼ ነው። ገና ወር አልሞላውም።»

ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። እሱ ወደ መስኮቱ ሸሸ። እንድትጮህ፣ ጭማቂውን እንድትደፋበት ጠበቅሁ። እሷ ግን እንደገና ጀርባዋን ሰጠችኝና «እሺ፣ የእኔስ የት ላይ ደረሰ?» አለች።

መረቡን ዝቅ፣ ቀበቶውን አጠር አደረግሁት። እሱ ብቻውን መጥቶ ወሰደው። እናቴ ነገሩ ሲገባት አጠገቤ ተቀመጠች፤ ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«ልጅቷ ግን ቆንጆ ናት» አለችኝ። «ምን ይፈረድበታል?»

ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ እሱ ከሽቪሉ ደወለ። ሰሜን ደርሰዋል። አንዱ መጋጠሚያ ላልቶ ቧንቧው ወጣ ገባ ይላል አለኝ። ልዘጋው አስቤ አፌ ቀደመኝ፤ የትኛውን ገመድ እንደሚፈታ፣ እንዴት አጥብቆ እንደሚጠመጥም ነገርኩት። ግራ ገባው።

«ቆይ፣ ከእሷ ጋር ተነጋገሪ፤ እጇ ከእኔ ይሻላል።»

ልጅቷ እያንዳንዱን ነገር እየደገመች፣ እየጠየቀች አሰረችው። «ያዘ!» አለች። እሱ ከጀርባዋ ሲያጨበጭብ ተሰማኝ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ሲጋቡ ጥሪው ለመላው ቤተሰብ መጣ። እኔ ቀረሁ። እናቴ አዲስ ቀሚስ አሰፍታ ሄደች። ስትመለስ ጫማዋን እያወለቀች ምግቡ ጥሩ እንደነበር ነገረችኝ።