እስከ ሦስተኛው ደረጃ

ለቡ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ግንባታው ማለቂያ በሌለው ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ቪላ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ቪላው የአንዲት ትንሽ አገር ኤምባሲ ነው። የአገሪቱን ስም ብጠራው አብዛኛው ሰው "እሷ ደግሞ የት ነች?" ስለሚለኝ ይቅር። ሥራዬ ፕሮቶኮል ይባላል፤ እንግዳ መቀበል፣ ማስቀመጥ፣ መሸኘት ማለት ነው። እናቴ ሳስረዳት "ታዲያ ይሄ ምኑ ሥራ ነው? ይሄማ ሰው መሆን ነው" ብላ ስቃብኛለች። እሷ እንዳለችው ቢሆንማ ኖሮ እንዲህ ባልደከመኝ።

አገሪቱ በሁለት ትልልቅ ጎረቤቶች መሃል ተጣብቃ ያለች ናት። ባሕር የላትም። ከውጭ የምታስገባው ሁሉ በአንደኛው ጎረቤት መንገድ ያልፋል፤ መብራቷ ደግሞ ከሌላኛው ጎረቤት በሽቦ ይመጣል። ሁለቱ አይዋደዱም። እኛ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የሁለቱን አምባሳደሮች በመካከላችን "መንገድ" እና "መብራት" እንላቸዋለን። "ዛሬ መንገድ ይመጣሉ"፣ "መብራት ደውሎ ነበር" ስንባባል የሰማ ሰው የወረዳ ጽሕፈት ቤት የምንሠራ ይመስለዋል።

የእኛ አምባሳደር ጠና ያሉ፣ ብዙ የማያወሩ ሴት ነበሩ። ወደ ጎረቤት አገር ወደብ የሚሄደው ባቡር ከለቡ ጣቢያ ሲነሳ ሲያዩ "እናንተም እንደኛ ናችሁ ለካ" ይሉኝ ነበር። ሁለቱን ጎረቤቶች እኩል ማስተናገድ የዕለት ጸሎታቸው ነው። ሁሉንም ነገር ለክተው በአንድ ደብተር ጽፈውታል። ሶፋው አንድ ዓይነት ነው። ፎቶ ሲነሱ እሳቸው መሃል ይቆማሉ፤ ቀኝና ግራው በየዓመቱ ይቀያየራል። ሽኝት ደግሞ ከዋናው በር ወርዶ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያበቃል። ለምን ሦስተኛው እንደሆነ ስጠይቃቸው "ሁለተኛው ላይ ካቆምን ንቀት ይመስላል፤ አራተኛው ድረስ ከወረድን ልመና ይመስላል" አሉኝ።

እንዲህ የሚጠነቀቁት በከንቱ አልነበረም። ከዋናው መሥሪያ ቤታቸው ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል፤ ከሁለቱ ከአንዳቸው አንድ ተጨማሪ ቅሬታ ከመጣ ተጠርተው ይመለሳሉ። ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም ነበር። ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ሥራ በክብር ጨርሰው መውጣት ብቻ ነበር ምኞታቸው።

በነሐሴ የብሔራዊ በዓላቸው የምሳ ግብዣ ሆነ። ጠዋት ከጎፋ ተነስቼ፣ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ቀይሬ ስደርስ፣ አጠገባችን ቤት የሚያሠራው ሰውዬ አንድ መኪና ሙሉ ጠጠር በራችን ላይ አስገልብጧል። ለመንኩት፤ ተቆጣሁት። "አሁን አስነሳዋለሁ ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅሃል?" አለኝ። አላስነሳም። የእንግዶቹ መኪኖች ታች አስፋልቱ ዳር ለመቆም ተገደዱ።

ግብዣው ሰላም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዝናቡ ጋብ ሲል መብራት መጀመሪያ ተነሳ። አምባሳደሯ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጨበጡት። ጎልማሳ ስለሆነ ጠጠሩን በሁለት እርምጃ ተሻግሮ፣ ከአጃቢው ጋር እየሳቀ ወረደ። ቀጥለው መንገድ ተነሱ። እሳቸው ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። እንደ ደንቡ እዚያው ደረጃ ላይ ተሰነባበቱና አምባሳደሯ ወደ ቤት ገቡ። የሽማግሌው ረዳት መኪናውን ሊያዘጋጅ ሮጦ ነበር። ብቻቸውን ወርደው ጠጠሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ካፊያው እንደገና ጀመረ። ከዘራቸውን ጠጠሩ ላይ ይሰኩታል፣ ይነቅሉታል፣ ደግሞ ይሰኩታል።

እኔ ያደግሁት አባቴ እንግዳ ሲሸኝ እያየሁ ነው። እንግዳው "ይበቃል፣ ተመለስ" ይላል፤ አባቴ "ትንሽ ልሸኝህ" ይላል፤ እንዲህ ሲባባሉ ወንዙ ጋ ይደርሳሉ። ሽማግሌ ጭቃ ውስጥ ሲጨነቅ ቆሜ የማይበት አንጀት የለኝም። ጃንጥላ አንስቼ ወረድኩ፤ ክንዳቸውን ይዤ አሻገርኳቸው። "ይበቃል፣ ተመለስ" አሉኝ። ትንሽ ልሸኝዎት አልኩ። አስፋልቱ ድረስ ወርደን መኪናቸው ውስጥ አስገባኋቸው፤ መኪናው እስኪርቅም ቆሜ እጄን አውለበለብኩ። ዞር ስል ሌላ መኪና ቆሟል። መብራት ገና አልሄደም ነበር፤ በመስኮቱ እያየኝ ነው።

በማግስቱ ከመብራት ደብዳቤ መጣ። "ለአንደኛው ወገን ስለተደረገው የተለየ አሸኛኘት" ይላል። እኔና የኤምባሲው ሾፌር በሳቅ ፈረስን። "በጃንጥላ ደግሞ ይጣሉ ጀመር?" አለ ሾፌሩ። ሐሙስ ዕለት የአምባሳደሯ እናት ከአገራቸው ደውለው ከተማው ሁሉ ጨለማ እንደሆነ ነገሯቸው። ለጥገና ነው ተብሏል። የእውነት ጥገና ይሁን ኩርፊያ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኛም አገር መብራት ይጠፋል፤ ግን የምንራገመው የራሳችንን ሰው ነው።

በሳምንቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት አጣሪ ተላከ። እኔና አምባሳደሯ ፊቱ ተቀምጠን ሳለ "ሽኝቱን ያዘዘው ማን ነው?" አለ።

ያዘዘ ሰው የለም። "የአገሬ ልማድ ነው፣ ከራሴ አመንጭቼ ነው" ብል፣ እኔን አባረው ለመብራት አንድ የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ እሳቸው ይተርፋሉ። ይህን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሥራ ፈትቼ ቤት የዋልኩበት ዓመት፣ ልጆቼ ፊት የነበረኝ ፊት ትዝ አለኝ። 

"እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አሉ አምባሳደሯ።

አጣሪው ጻፈው። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ።

ብቻችንን ስንሆን ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። "ደክሞኛል" አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እስከ ሦስተኛው ደረጃ ስሸኝ ኖርኩ። ያን ቀን ስትወርድ በመስኮት አይቼሃለሁ። ልጠራህ እችል ነበር፤ ግን ደስ አለኝ።" ከዚያ ሽማግሌው ምን እንዳሉኝ ጠየቁኝ። እንድመለስ እንደነገሩኝ አስረዳኋቸው። "ታዲያ ለምን አልተመለስክም?" እኛ ዘንድ እንግዳ ተመለስ ሲል ሸኚው ትንሽ ይጨምራል አልኩ። የእንግዳው ቃል በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠይቀው፣ እስኪይዙት ድረስ ደጋገሙት።

የሄዱት በመስከረም፣ ጠራ ባለ ረፋድ ነው። አጣሪው ጊዜያዊ ኃላፊ ሆኖ ቀርቷል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በረንዳው ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ሻንጣቸውን ይዞ ቀድሞ ወርዷል። ጠጠሩ አሁንም አልተነሳም፤ መኪናው ታች አስፋልቱ ላይ ነው። ከጎናቸው ሆኜ ደረጃውን ጀመርኩ። አንደኛውን ወረድን፣ ሁለተኛውን ወረድን፣ ሦስተኛው ላይ የአጣሪው ዓይን ጀርባዬ ላይ ተሰማኝና ቆምኩ።

ዞረው አዩኝ። ከዚያ ባስተማርኳቸው አማርኛ፣ ቃሉን ሳይሳሳቱ፣ "ይበቃል፣ ተመለስ" አሉኝ።

እኔም "እሺ፣ ክብርት አምባሳደር" አልኩ።

ጠጠሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አንዴ ሚዛናቸውን ስተው፣ ብቻቸውን ተሻገሩ። ከሰላምታ በላይ የማላውቃቸውን ሽማግሌ በዝናብ አስፋልት ድረስ ያደረስኩ ሰው፣ እሳቸውን በፀሐይ ደረጃ ላይ ቆሜ አየኋቸው።