በአጎቴ ኮት ኪስ የተገኘው ጥርስ

አጎቴ ካረፉ በኋላ የልብስ ሣጥናቸውን ስንከፍት ሶዶ ቤታቸው የነበርነው ባለቤታቸው እትዬ አማረች፣ ልጃቸው ማርቆስ፣ ጎረቤታቸው አቶ ዳና እና እኔ ነን።

አጎቴ ከብት ነጋዴ ነበሩ። በሬ ሲገዙ አፉን ከፍተው ያዩና "ጥርስ አይዋሽም" ይሉ ነበር። ከጎጃም ጠቅላይ ግዛት የተመለሰ የመንገድ ሠራተኛ ከዓባይ በረሃ ያገኘውን፣ ድንጋይ የሆነ ጥርስ ሰጥቷቸው ነበር። ልጅ ሳለሁ ጣቴን ይዘው በጠርዙ ላይ አስኬዱት፤ እንደ መጋዝ የተሳለ ነው።

"ይሄ ሥጋ በል ነው። ሣር የሚበላ ቢሆን አናቱ ጠፍጣፋ ነበር" አሉኝ።

ሜጋሎሳውረስ የሚባለው ዳይኖሰር ጥርሱ እንዲህ እንደነበረ በኋላ ከመጽሐፍ አነበብኩ።

"ስሞት ያንተ ነው" ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር የኮታቸውን ኪስ መታ መታ አድርገው "አለልህ" ይሉኝ ነበር።

ማርቆስ ኮቱን ከሣጥኑ አነሣና ከዚያው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለውን አውጥቶ ሰጠኝ። ፈታሁት። ጠርዙ ለስላሳ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የበሬ መንጋጋ ጥርስ።

"ያንንማ ለአንድ እንግዳ ከሰጠው ቆየ" አሉ እትዬ አማረች። "አንተ እንዳታዝን ብሎ ነው ይሄን የተካው።"

ጥርሱ አልዋሸኝም። እሳቸውን እንዳልጠይቅ ወንበራቸው ባዶ ነው። ያንን ጥርስ ለእንግዳው ሲሰጡ አብራችሁ የነበራችሁ፣ ስሜን አንስተው እንደሆነ እባካችሁ እዚህ ጽሑፍ ላይ ጨምሩልኝ።