ገልብጠህ ልበስ

አጎቴ የማን ደጋፊ ነው? ቤቱ ገብቼ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህችን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። ሚስቱም አትችልም። «ማንን እንደሚመርጥ እንኳን እኔ ትራሱም አያውቅም» ትላለች።

አጎቴ የመንግሥት ሆስፒታል አምቡላንስ ሹፌር ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ሲስቅ ሆዱ የሚቀድመው ሰው። ኳስ ካነሳችሁበት ጉሮሮው እስኪደርቅ ይከራከራል። ጎረቤት ካነሳችሁበት ሳይሳሳ ያማል። ምርጫ ከተነሳ ግን አፉን በመርፌ የሰፉት ይመስላል። ባልደረቦቹ «ጋሽ ሚዛን» ይሉታል።

ምርጫው ሲቃረብ ከተማው ቲሸርት ለበሰ። ግማሹ ደረቱ ላይ የአንዱን ፓርቲ ምልክት ቁልፍ፣ ግማሹ የሌላውን ጃንጥላ። ሆስፒታሉ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት የፓርቲ ምልክት እንዳያደርግ የሚከለክል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈ። ሌላው አንብቦ አለፈ። አጎቴ ግን ከማስታወቂያውም ባሰ፤ በሽተኛ ሊያጅብ አምቡላንሱ ውስጥ የሚገባ ቤተሰብ ሳይቀር ቲሸርቱን ገልብጦ እንዲለብስ ያዝዝ ጀመር።

«ሰው እየሞተብኝ አንተ ስለ ቲሸርት ታወራለህ?» ይሉታል።

«እኔማ እያወራሁም ቃሬዛ ይዣለሁ። እጁ ባዶ የሆነው አንተ ነህ። ገልብጥ!»

ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠይቄው ነበር። «የቁልፎቹ ሰፈር ጃንጥላ ካዩብኝ፣ የጃንጥላዎቹ ሰፈር ቁልፍ ካዩብኝ መንገድ አይለቁልኝም» አለ። «መንገድ ያልተለቀቀለት አምቡላንስ ምንድን ነው? ቆርቆሮ!»

በዚያው ሰሞን ነው አዲሱ የሥራ ደረጃ ምደባ የወጣው። አጎቴ የኃላፊዎችን መኪና ከሚነዱትና ሲሚንቶ ከሚያመላልሱት ጋር በአንድ ደረጃ «ሹፌር» ተባለ። ነገሩ የደመወዝ አልነበረም። ሹፌር ብቻ ከሆነ የስምሪት ክፍሉ ወዳሻው መኪና ያዞረዋል፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የጭነት መኪናው እንደሚጠብቀውም ነግረውታል።

«ዕድሜዬን ሰው ጭኜ አሁን ሲሚንቶ?» አለ እራት ላይ። «ሲሚንቶ ሲያወርዱት እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አይልም።»

ቅሬታ አቀረበ። በሽተኛ እንደሚያነሳ፣ ኦክስጅን እንደሚሰጥ፣ ሥልጠናም እንደወሰደ ገልጾ በድንገተኛ ሕክምና ሠራተኛ ደረጃ እንዲመደብ ጠየቀ። የቅሬታ ኮሚቴውን የሚመራው የሰው ሀብት ኃላፊው ነበር፤ በሐሩርም ክራቫቱን የማያላላ፣ ቀጭን ሰው።

ጉዳዩ የሚታይበት ቀን ሳይደርስ አንድ ሐሙስ ጠዋት ጥሪ መጣ፤ አንዲት አሮጊት መተንፈስ አቅቷቸዋል። አብራው የምትወጣው ነርስ ታማ ስለቀረች አጎቴ ብቻውን ሄደ። ቤቱ ሲደርስ በሩን የከፈተለት የሰው ሀብት ኃላፊው ራሱ ነው። ቢሮ «መስክ ወጥቷል» የተባለለት ሰውዬ ክራቫቱን ጥሎ ደረቱ ላይ ትልቅ ቁልፍ ያለበት ቲሸርት ለብሷል። ከፓርቲው ሰልፍ ነው ተጠርቶ የመጣው። አሮጊቷ እናቱ ናቸው።

አጎቴ እናትዬውን ቀና አድርጎ አስቀመጠ፣ ኦክስጅኑን ገጠመ፣ አቅፎ ቃሬዛው ላይ አወጣቸው። ልጅዬው ተከትሎ ሊገባ ሲል በሩ ላይ አስቆመው።

«ጌታው፣ ይገልብጡት።»

«ማን መሆኔን ታውቃለህ?»

«አሳምሬ! ይገልብጡት፣ ከዚያ ይግቡና ጭምብሉን እንዲህ አድርገው ይያዙላቸው።»

ሰውዬው ገለበጠ። የልብሱ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ማጅራቱ ላይ ብቅ እንዳለች እናቱን ደግፎ ሆስፒታል ደረሰ። አሮጊቷ ተረፉ።

የአጎቴ ሚስት ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «አንተ ሰው! የሚፈርድብህን ሰውዬ ልብሱን አስወለቅከው?»

«ኧረ መልሶ ለብሶታል።»

ትንሽ አሰበችና ፊቷ በራ። «እንግዲያው ምስክርህ ተገኘ! ስትሠራ በዓይኑ አይቷል። ንገራቸዋ!»

«ያንን ካወራሁ ቲሸርቱም ይወራል። የሥራ ቀን ነበር።»

«ይወራ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ራቀው። ከአዳር ሥራ መጥቶ ጋደም ይላል፤ እኔ መጽሐፌን ይዤ በአጠገቡ ሳልፍ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሎ አገኘዋለሁ።

ኮሚቴው የተሰየመ ዕለት አብሬው ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ሁሉም ይሰማል። የነርሶቹ አለቃ ናት የጠየቀችው። «ጋሼ፣ ከመንዳት ሌላ ሲሠሩ ያየ ሰው አለ? አንድ ምስክር ይጥሩልን።»

በበሩ ክፍተት አየሁት፤ ኃላፊው እስክሪብቶውን እየከፈተ ይዘጋል።

«አለ» አለ አጎቴ። «ግን አልጠራም። አምቡላንሱ ውስጥ የገባ ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደለበሰ እዚያው ይቀራል።»

«ምን እንደለበሰ?» አለች አለቃዋ ቀበል አድርጋ። «ልብሱን ምን አመጣው?»

አጎቴ ላብ አጠመቀው። እስክሪብቶው ቀጭ ማለቱን አቆመ። ኃላፊው ተነሳ።

«ይህን ጉዳይ እኔ ልዳኝ አልችልም» አለ። «ምስክሩ እኔ ነኝ።» ከዚያ እናቱንም፣ ኦክስጅኑንም፣ ሰልፉንም፣ ቲሸርቱንም አንድ በአንድ ተናገረ። ሲወጣ ክራቫቱ ላልቶ ነበር።

ሁለተኛው የማልመልሰው ጥያቄ ይህ ነው። አጎቴ «ምን እንደለበሰ» ያለው አምልጦት ነው ወይስ አስቦበት? «አመለጠኝ» ይላል። ሚስቱ «እሱ? እሱ የሚያመልጠው ማንኮራፋት ብቻ ነው» ትላለች። ላቡን ያየሁት እኔ እንኳ በየትኛው እንደምፈርድ አላውቅም።

ውሳኔው በሳምንቱ ወጣ። የጠየቀውን ያህል አልሰጡትም፤ «የድንገተኛ ሕክምና ረዳት» አሉት፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ። አምቡላንሱ ግን በእጁ ቀረ። ኃላፊው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከኮሚቴው ተነሳ። አጎቴ ወሬውን ይዞ እኩለ ቀን ላይ ሲገባ ደስታው ግማሽ ነበር።

«ኃላፊውን የሕንፃው ደረጃ ላይ ሲወርድ አገኘሁት» አለ ጫማውን እየፈታ።

«ሰደበህ?» አለች ሚስቱ።

«እናቴ ሰላም በልልኝ ብላለች አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ለመሆኑ አንተ የማን ነህ? ብሎ ጠየቀኝ።»

እኔም ሚስቱም እኩል አንገታችንን አሰገግን። «ምን አልከው?»

«ተረኛ ነኝ አልኩት።»

የማታ ተረኛ ስለነበር ሄዶ ተጋደመ። ሚስቱ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ በእንቅልፍ ልቡ ካወራ ጆሮህን ጣል ማለቷ ነው። ወንበሬን በሩ አጠገብ አድርጌ መጽሐፌን ገለጥኩ፣ አንድ ገጽ ግን አላነበብኩም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጎንበስ አልኩ።

«መንገድ…» አለ። «መንገድ ልቀቁ።»

ለማን እንደሆነ ሳይናገር ወደ ግድግዳው ዞሮ ማንኮራፋት ጀመረ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።