ጭልፊት ለመልቀቅ ወደ ሐረር

ንጋት 12፡00፣ ድሬዳዋ

ሚኒባሱ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። የጠሩኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ሐረር ባዮሎጂ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህሬ። የክንፍ ላባዎቿ የተሰበሩባትን ጭልፊት ከመንገድ አንስተው ማኖር ከጀመሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የተሰበረ ላባ አያድግም፤ ረግፎ አዲስ እስኪተካ ይጠበቃል። አሁን ተተክቷል። ችግሩ፣ ጋሼ በሚቀጥለው ሳምንት ጠቅልለው አዲስ አበባ፣ ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ። እሷ ካልበረረች የሚያበላት የለም።

ማታ በስልክ «ትበራለች! ብቻ ጠዋት ጥሩ አድርገው ያብሏት፤ ጉልበት ያስፈልጋታል» አልኳቸው። እኔም ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ አፌ አያርፍም።

1፡00፣ የደንገጎ ዳገት

መኪናው እያቃሰተ ይወጣል። አጠገቤ ማንጎ የሞላ ዘንቢል ያቀፉ እናት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። መቼም ለጠያቂ አልሰስትም። የወፍ አጥንት ውስጡ ባዶ መሆኑን፣ የደረቷ ጡንቻ ክንፏን እንደሚመታ፣ ክንፏ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ እሷ ወደ ላይ እንደምትነሳ አስረዳኋቸው።

«አንተስ ልጄ፣ በረህ ታውቃለህ?»

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

3፡00፣ ኤረር በር

ጋሼ ጭልፊቷ ያለችበትን ካርቶን አቅፈው ሸዋ በር ተቀበሉኝና በጠባቦቹ መንገዶች አልፈን በኤረር በር ከከተማው ግንብ ውጭ ወጣን። ጭልፊቷን ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙሬ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ መነሳት ይቀላል።

አልተነሳችም። ግማሽ ሰዓት ቆምን። በመጨረሻ ከድንጋዩ ወርዳ እንደ ዶሮ እየተራመደች ካርቶኗ ውስጥ ገባች።

«አበላሸኋት» አሉ ጋሼ። አንጀቴን በሉት።

4፡30፣ ጊድር መጋላ፣ ሥጋ ተራ

ዓመት ሙሉ ለጭልፊቷ የሚሆን ቁርጥራጭ ሥጋ ለጋሼ የሚሰጣቸው ባለሉካንዳው አብዲ ነው፤ ወደ እሱ ሄድን። የሆነውን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ዛሬ አብልተዋታል?»

«ጠግባለች። እሱ ነው ያብሏት ያለኝ።»

«አቦ መምህር! የጠገበ ጭልፊት የት ሊሄድ ይበራል? እስከ አሥር ሰዓት ምንም እንዳታበሏት።»

ባስተማርኩት ትምህርት ሁሉ ውስጥ ይህ አልነበረም። አፈርኩ።

10፡00፣ እዚያው

ጭልፊቷን የሥጋ ተራው አጥር ላይ አስቀመጥናት። አብዲ እንደ ልማዱ «ቢስሚላህ» ብሎ ሥጋ ወደ ሰማይ ወረወረ። ሥጋ ፍለጋ ሁሌ ከተራው በላይ ከሚዞሩት ጭልፊቶች አንዱ አየር ላይ ቀለበው። ሁለተኛውንም ሌላ ወሰደው። የእኛዋ አንገቷን አሰገገች። ሦስተኛው ሲወረወር አጥሩ ባዶ ነበር።

ያዘችው! ጣሪያውን ታክካ ጭራዋን ጠምዝዛ ዞረችና ወጣች፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለች። አብዲ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ እኔ እንደ ሕፃን ጮህኩ።

ጋሼ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ለረጅም ጊዜ ቀና ብለው ቆዩ። አሥራ ምናምን ጭልፊት ይዞራል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት።

«የቷ ናት?» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ መልስ ያላጣሁት ሰውዬ «አላውቅም ጋሼ» አልኩ።

ባዶውን ካርቶን ከመሬት አነሱ።

«እንግዲያው መጽሐፎቼን በዚህ ላሽግ» አሉና ወደ ቤት መንገዱን ጀመሩ።